ከምርጫ ጣቢያ እስከ መንበረ ሥልጣን፦ የአሜሪካ የወኪል መራጮች ጉባኤ እና የኢትዮጵያ ቀጥተኛ ያልሆነ ምርጫ

በመካነ ሰላም ከተማ ወይም በአካባቢዋ በሚገኙት የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላና የመሐል ሳይንት ወረዳዎች በጠቅላላ ምርጫ ዕለት የሚሰለፍ መራጭ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይቀበላል። አንደኛው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለአማራ ክልል ምክር ቤት የሚወዳደሩ ዕጩዎች የተዘረዘሩበት ነው። አገሪቱን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሁን የሚል ጥያቄ በሁለቱም ላይ የለም። የርእሰ ብሔሩም ጉዳይ እንዲሁ ነው። መራጩ የሚመርጠው በምርጫ ክልሉ የሚወዳደረውን ሰው ሲሆን፣ የተመረጠው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ ከሌሎች ተመራጮች ጋር ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰይማል።

የአሜሪካ መራጭ ሁኔታ በመልክ የተለየ፣ በባሕርይ ግን የተቀራረበ ነው። በዊስኮንሲን ወይም በጆርጂያ የሚሰለፍ መራጭ የፕሬዚዳንታዊ ዕጩውን ስም በወረቀቱ ላይ ያነባል፤ ምልክት ሲያደርግ ግን በሕግ ዓይን የሚመርጠው ዕጩውን ሳይሆን ያንን ዕጩ ለመምረጥ ቃል የገቡ ወኪል መራጮችን ነው። የእነዚህ ወኪሎች ጠቅላላ ስብስብ ኤሌክቶራል ኮሌጅ፣ ወይም በአማርኛ የወኪል መራጮች ጉባኤ ይባላል። ጉባኤ ይባል እንጂ አባላቱ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው አያውቁም፤ በታኅሣሥ ወር በየግዛታቸው ተገናኝተው ድምፅ ሰጥተው ይበተናሉ።

በኢትዮጵያ ስለ ምርጫ ሥርዓት የሚደረገው ክርክር የአሜሪካን ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ባዕድ ነገር ያነሳዋል። ይህ አመለካከት ሊፈተሽ ይገባል። ኢትዮጵያ ‹የወኪል መራጮች ጉባኤ› የሚል ስም የተሰጠው ተቋም ባይኖራትም፣ ከ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጀምሮ የሕዝብ ድምፅ በመካከለኛ አካል በኩል የሚያልፍባቸውን ልዩ ልዩ መንገዶች ተጠቅማለች። በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ውጤቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው የድምፅ ክብደት ነው። ሁለተኛው የአንድ ክፍል ድምፅ ተከፋፍሎ ወይስ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ያልፋል የሚለው ነው። በአገራችን ስለ ሁለተኛው ብዙ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ግን የሚገባውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

የአሜሪካው ሥርዓት እንዴት ይሠራል?

የወኪል መራጮች ቁጥር 538 ነው። እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ባለው የመቀመጫ ብዛት ላይ ሁለት ሴናተሮቹ ተደምረው የሚገኘውን ያህል ወኪል ይኖረዋል። የተወካዮቹ 435፣ የሴናተሮቹ 100 ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 3 እ.ኤ.አ. በ1961 በጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለዋና ከተማዋ ለዋሽንግተን የተሰጡ ናቸው። 270 ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል።

የተወካዮቹ ቁጥር ሕዝብን ይከተላል፤ ሁለቱ የሴናተር ድምፆች ግን ለትልቁም ለትንሹም እኩል ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ዋዮሚንግ ወደ 577 ሺህ ሕዝብ ይዛ 3 ወኪሎች፣ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ 54 ወኪሎች አሏት። በዋዮሚንግ አንድ ወኪል ለ192 ሺህ ሰው፣ በካሊፎርኒያ ለ732 ሺህ ሰው ይደርሳል ማለት ነው። የአንድ የዋዮሚንግ ነዋሪ ክብደት የካሊፎርኒያውን አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተደረሰበት ስምምነት ውጤት ነው። ትናንሾቹ ግዛቶች በትልልቆቹ መዋጥን ፈሩ። በባርነት የሚኖሩ ሰዎች የበዙባቸው የደቡብ ግዛቶች ደግሞ ቀጥተኛ ምርጫ ቢደረግ እነዚያ ሰዎች ድምፅ ስለማይሰጡ ጉዳት እንደሚደርስባቸው አሰቡ። በወኪሎች ሥርዓት ግን ከአምስት ባሪያዎች ሦስቱ እንደ ሕዝብ ስለሚቆጠሩ፣ ለጌቶቻቸው ግዛት ተጨማሪ ወኪል ያስገኙ ነበር። መምረጥ የተከለከለ ሰው ቁጥሩ ለሌላው የምርጫ ክብደት ሆኖ አገለገለ። ሥርዓቱ የተወለደው ከፍልስፍና ይልቅ ከድርድር መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በዘመናችን ውጤትን የሚያዛባው ዋነኛው ነገር የትንንሾቹ ግዛቶች ተጨማሪ ክብደት ሳይሆን ጥቅለላው ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር 48ቱ ግዛቶችና ዋሽንግተን፣ በአካባቢው በአንድ ድምፅም ቢሆን ለበለጠው ዕጩ ወኪሎቻቸውን በሙሉ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ብልጫ ሲያሸንፉ የግዛቱን 25 ወኪሎች በሙሉ ወሰዱ፤ በአገር አቀፍ የሕዝብ ድምፅ ግን አል ጎር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ይበልጧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ የሕዝብ ድምፅ በልጠው ተሸነፉ። ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ በድምሩ ከ80 ሺህ በማይበልጥ ልዩነት ወደ ዶናልድ ትራምፕ አዘንብለው ነበርና።

ጥቅለላው እንዴት እንዲህ ያለ ውጤት እንደሚያመጣ ለወሎ አንባቢ በቅርብ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አምስት ቅሬዎች፣ እያንዳንዳቸው መቶ አባወራ ያላቸው፣ አንድ የጋራ ዳኛ ለመምረጥ ተስማሙ እንበል። እያንዳንዱ ቅሬ በውስጡ ድምፅ ሰጥቶ ላሸነፈው ሰው አንድ የቅሬ ድምፅ ያቀርባል። አንደኛው ተወዳዳሪ በሦስቱ ቅሬዎች 52 ለ48 ቢያሸንፍ፣ በሁለቱ ደግሞ 20 ለ80 ቢሸነፍ፣ ዳኝነቱን ሦስት ለሁለት ያገኛል። የአባወራው ድምፅ ሲደመር ግን እርሱ ያለው 196፣ ተሸናፊው ያለው 304 ነው። ማንም አላጭበረበረም፤ ቆጠራውም አልተሳሳተም። ልዩነቱ የመጣው ድምፁ በቅሬ ተቋጥሮ በመቅረቡ ብቻ ነው። ደግሞም ብልህ ተወዳዳሪ በሚቀጥለው ምርጫ ወደ ሁለቱ ቅሬዎች ደጅ አይሄድም፤ 52 ለ48 ወደሆኑት ብቻ ይመላለሳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 የምርጫ ዘመቻው በፔንሲልቬንያ፣ በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲን፣ በጆርጂያ፣ በአሪዞና፣ በኔቫዳና በሰሜን ካሮላይና መከማቸቱም ለዚህ ነው። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግዛቶች ሆነው ሳለ ውጤታቸው አስቀድሞ ስለሚታወቅ የዕጩዎቹ ደጅ መጥኛ አልሆኑም።

270 የሚያገኝ ዕጩ ባይኖርስ? ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ እምብዛም ስላልዋለ ቸል ይባላል፤ ከኢትዮጵያ ልምድ ጋር ሲነጻጸር ግን ከሁሉም የሚበልጥ ትምህርት አለው። ምርጫው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄድና እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ዋዮሚንግና ካሊፎርኒያ እኩል ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1824 በተደረገው ምርጫ አንድሩ ጃክሰን በሕዝብ ድምፅም በወኪሎች ድምፅም ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፣ ምክር ቤቱ በዚህ መንገድ ጆን ኩዊንሲ አዳምስን ፕሬዚዳንት አድርጓል።

የኢትዮጵያ መካከለኛ መራጮች

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡ ተደነገገ። በቃሉ ጥብቅ ትርጉም ይህ የወኪል መራጮች ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ወኪሎቹን ሕዝቡ አለመወከሉ ነው። የቦረና ገበሬ በዚያ ምክር ቤት ቢወከል እንኳ የሚወከለው ግብር በሚያስገብረው ሰው ምርጫ ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን በቀጥታ ሕዝቡ እንዲመርጥ ፈቀደ። ለዕጩነት ንብረት መኖርን ቅድመ ሁኔታ በማድረጉ ግን በሩ ለሁሉም አልተከፈተም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የመሾም ሥልጣንም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቀረ። በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው የኢሕዴሪ ሕገ መንግሥት 835 አባላት ያሉትን ብሔራዊ ሸንጎ አቋቁሞ ፕሬዚዳንቱን የመምረጥ ሥልጣን ሰጠው። ሸንጎው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን መረጠ። ሕዝቡ ሸንጎውን፣ ሸንጎው ፕሬዚዳንቱን መረጠ ይባል እንጂ፣ የዕጩዎች ማቅረቢያው በር በአንድ ፓርቲና በሥሩ ባሉ ድርጅቶች የተያዘ ስለነበር መካከለኛው አካል የሚመዝነው አማራጭ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉት። ርእሰ ብሔሩን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዕጩነት ያቀርባል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል (አንቀጽ 70)። ከሁለቱ አንዱ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በዚህ ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተወካይ ይኖረዋል (አንቀጽ 61)። አንባቢ እዚህ ላይ የአሜሪካውን ቀመር ሳያስታውስ አይቀርም፤ ለሁሉም እኩል የሚሰጥ መነሻ አለ፣ በላዩ ላይ ሕዝብን የሚከተል ጭማሪ አለ። በደቡብ ወሎ ምሥራቃዊ ቆላ የሚኖሩት አርጎባዎች ከአንድ ሚሊዮን በታች ሆነው ሳለ በመነሻው ድርሻ ይወከላሉ፤ በምዕራቡ ደጋ የሚኖረው አማራ የሚወከለው በአመዛኙ በጭማሪው ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ የተመረጡት በዚህ መንገድ ነው። የርእሰ ብሔሩ ሥልጣን በአመዛኙ ሥነ ሥርዓታዊ በመሆኑ ግን በዚህ ምርጫ የሚወሰነው ነገር ውስን ነው።

ዋናው ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው። እርሱ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል (አንቀጽ 73)፤ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች መንግሥት ይመሠርታሉ (አንቀጽ 56)። የምክር ቤቱ አባላት የሚመረጡት በየምርጫ ክልሉ ከተሰጠው ድምፅ አብላጫውን በማግኘት ነው (አንቀጽ 54)። እንግዲህ የአሜሪካው ግዛት የሚያደርገውን ጥቅለላ በኢትዮጵያ የሚያደርገው የምርጫ ክልሉ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል 40 ከመቶ ያገኘ ዕጩ ቀሪው 60 ከመቶ በሦስት ተወዳዳሪዎች ከተከፋፈለ መቀመጫውን ይወስዳል፤ ለእነዚያ ሦስቱ የተሰጠው ድምፅ በማንም መዝገብ ላይ ወደ አዲስ አበባ አይጓዝም።

የዚህን ጉልበት ለማየት አዲስ አበባን መመልከት ይበቃል። ከተማዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫዎች አሏት። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ 23ቱንም ቅንጅት አሸነፈ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 22ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ። በአምስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ብዙ ነው፤ የፓርቲዎች መፍረስ፣ የመሪዎች መታሰርና የፖለቲካ ምኅዳሩ መጥበብ ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ ለውጡን በምርጫ ቀመር ብቻ ማስረዳት የዋህነት ይሆናል። ሆኖም በ1997ም ሆነ በ2002 ዓ.ም. ለተሸናፊው ወገን ድምፃቸውን የሰጡ የከተማዋ ነዋሪዎች ነበሩ፤ የመቀመጫው አሐዝ ግን በሁለቱም ጊዜ እንደሌሉ ያስመስላቸዋል። በአገር አቀፍ ደረጃም ከ547 መቀመጫዎች በ2002 ዓ.ም. 499፣ በ2007 ዓ.ም. 500 በኢሕአዴግ እጅ ሲገቡ የቀሩት በጥቂቱ ካልሆነ በቀር የአጋር ድርጅቶች ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ብልጽግና 410 መቀመጫ ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

የ2010 ዓ.ም. መጋቢት

እስካሁን የተነገረው በሕግ የተጻፈውን መንገድ ነው። የኢትዮጵያን ልምድ ከአሜሪካው ጋር ለማነጻጸር ከሁሉ የሚበልጠው ሁኔታ ግን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አይገኝም።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ምክር ቤቱን ከሞላ ጎደል የያዘው ኢሕአዴግ ስለነበር፣ የግንባሩ ሊቀ መንበር የሚሆን ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆን የታወቀ ነበር። ሊቀ መንበሩን የሚመርጠው የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው፤ 180 አባላት ነበሩት፤ ከሕወሓት፣ ከብአዴን፣ ከኦሕዴድና ከደኢሕዴን 45፣ 45። መጋቢት 18 ቀን በምሥጢር በተሰጠው ድምፅ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 ድምፅ ማግኘታቸው ተገለጸ። የብአዴኑ አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከዕጩነት አግልለው ነበር። መጋቢት 24 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔውን አጸደቀ።

ለስድስት ቀናት የኢትዮጵያ የወኪል መራጮች ጉባኤ ይህ ምክር ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክብደቱም ሊሰላ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን፣ አማራ 17.2 ሚሊዮን፣ ደቡብ 14.9 ሚሊዮን፣ ትግራይ 4.3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። እነዚህ አሐዞች ለ45 ሲካፈሉ በምክር ቤቱ አንድ ድምፅ ለትግራይ 96 ሺህ፣ ለደቡብ 332 ሺህ፣ ለአማራ 383 ሺህ፣ ለኦሮሚያ 600 ሺህ ሰው ይደርሳል። የትግራይና የኦሮሚያ ልዩነት ከስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ በአሜሪካ ብዙ ከሚያነጋግረው የዋዮሚንግና የካሊፎርኒያ ልዩነት የሰፋ መሆኑ ነው። በእርግጥ የምክር ቤቱ አባላት የተመረጡት በፓርቲ አባላት እንጂ በሕዝቡ አይደለም፤ ስለዚህ ስሌቱ የውክልና ሳይሆን የክብደት መለኪያ ብቻ ነው። አሠራሩ ከመደበኛው የአሜሪካ ቀመር ይልቅ፣ እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ከሚሰጥበት ከ1824ቱ ዓይነት ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል።

ከክብደት ልዩነቱ የሚከፋው ግን ዜሮው ነው። በዚያው ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው፣ ከትግራይ በጥቂቱ የሚበልጠው የሶማሌ ክልል በ180ው መካከል አንድም ድምፅ አልነበረውም። አፋር፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላና ሐረሪም እንዲሁ፤ ገዥ ፓርቲዎቻቸው አጋር እንጂ የግንባሩ አባል አልነበሩምና። በአሜሪካ ታሪክ ለዚህ የሚቀርበው የዋሽንግተን ነዋሪዎች ከ1961 በፊት የነበሩበት ሁኔታ ነው። ኅዳር 2012 ዓ.ም. አጋር ድርጅቶቹ ጭምር ገብተውበት ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት ይህ የአባልነት ግድግዳ ፈርሷል።

እኩል ክብደት መስጠት በራሱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የተለያዩ ድርጅቶች በአንድ ግንባር ሲሰባሰቡ ትንሹ ካልተጠበቀ አይገባም፤ በፊላደልፊያ የሆነውም ይኸው ነው። እኩል ክብደት ባለበት ጉባኤ ውጤቱን የሚወስነው ግን ጥምረት ነው። ሁለት ድርጅቶች አንድ ቢሆኑ 90 ድምፅ ይኖራቸዋል፤ ለ180 አብላጫ የጎደላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የኦሕዴድና የብአዴን መቀራረብ ያን ያህል ዋጋ ያገኘው፣ የአቶ ደመቀም ከዕጩነት መውጣት ወሳኝ የሆነው በዚህ የሒሳብ ባሕርይ ምክንያት ነው። የደቡብ ወሎ ሰው በዚያ ውሳኔ ውስጥ ድምፅ ነበረው ከተባለ፣ ያ ድምፅ የነበረው በብአዴን 45 ወንበሮች ውስጥ ነው።

የወኪሉ ኅሊና

ወኪሉ እንደ ላኪዎቹ ፈቃድ ይመርጣል ወይስ እንደ ኅሊናው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ሰባት ወኪሎች ቃላቸውን ትተው ለሌላ ሰው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ትራምፕ 306 ሊያገኙ ሲገባ 304፣ ክሊንተን 232 ሊያገኙ ሲገባ 227 ያገኙት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግዛቶች ወኪሎቻቸውን በቃላቸው እንዲጸኑ በሕግ ማስገደድ እንደሚችሉ ወሰነ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በተቃራኒው የምክር ቤቱ አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይደነግጋል (አንቀጽ 54)፤ የአባልነት ኑሮው ግን በፓርቲ ሥነ ሥርዓት የተያዘ ነው። በአሜሪካ ሕጉ ወኪሉን ያስራል፤ በኢትዮጵያ ሕጉ ይፈታዋል፣ ፓርቲው ያስረዋል። ከመራጩ አንጻር ሲታይ የአሜሪካው እስራት የተሻለ ግልጽነት አለው፤ ወኪሉ የሚታሰረው ሕዝቡ በወረቀቱ ላይ አይቶ ለመረጠው ስም ነውና።

ከዚህ ጋር አንድ ትልቅ ልዩነት መነሣት አለበት። የአሜሪካ ወኪል መራጮች ሥራቸው በአንድ ቀን ያበቃል፤ የመረጡትን ሰው ሊጠይቁት አይችሉም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከመረጠ በኋላም ይቀጥላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በሕግ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። ቀጥተኛ ያልሆነ ምርጫ በፓርላማዊ ሥርዓት የሚጸድቀው በዚህ ተጠሪነት ነው። መቀመጫዎቹ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን በአንድ ወገን ሲያዙ ተጠሪነቱ የወረቀት ይሆናል፤ ያኔ ምክር ቤቱ ወደ አሜሪካው ዓይነት የአንድ ቀን መራጭነት ይቀርባል።

ሌሎች መንገዶች

ፕሬዚዳንት በቀጥታ ይመረጥ የሚሉ ወገኖች መከራከሪያቸው የታወቀ ነው፤ በመካነ ሰላም የተሰጠ ድምፅ በአዳማ ወይም በጅግጅጋ ከተሰጠው ጋር እኩል ይቆጠራል። ተቃዋሚዎቻቸው በበኩላቸው ብዙ ሕዝብ ያለው ክልል ብቻውን መሪ እንዳይሰይም ይሰጋሉ። በአፍሪካ ይህን ስጋት ያለ ወኪል መራጮች ለመፍታት የሞከሩ አገሮች አሉ። ናይጄሪያ አሸናፊው ከአጠቃላዩ አብላጫ በተጨማሪ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛ ግዛቶች ከተሰጠው ድምፅ ሩብ ማግኘት አለበት ትላለች። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ከግማሽ በላይ የሕዝብ ድምፅና ከ47ቱ አውራጃዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቢያንስ 25 ከመቶ ትጠይቃለች። በሁለቱም አገር ድምፅ አይጠቀለልም፤ የአንዱ ሰው ከሌላው አይከብድም፤ ዕጩው ግን በራሱ አካባቢ ብቻ ተደግፎ አይመረጥም። ለኢትዮጵያ ሁኔታ ከአሜሪካው ይልቅ የሚመረመረው ይህ ይመስላል። የአሜሪካው ጉባኤ ሰፊ የግዛት ድጋፍን ያስገድዳል የሚለው መከላከያ በሰባት ግዛቶች ላይ የተንጠለጠለ ዘመቻ ባየ ሰው ዘንድ ብዙ አያሳምንም።

ይሁንና ሥርዓቱ ሳይለወጥ፣ አሁን ባለውም የክብደት ጥያቄ አለ። 547ቱ መቀመጫዎች ለኦሮሚያ 178፣ ለአማራ 138፣ ለቀድሞው ደቡብ 123፣ ለትግራይ 38፣ ለሶማሌ 23፣ ለአዲስ አበባ 23፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ ለአፋር 8፣ ለጋምቤላ 3፣ ለሐረሪና ለድሬዳዋ ሁለት ሁለት ሆነው ተደልድለዋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሲመዘን አንድ መቀመጫ በትግራይ ለ114 ሺህ፣ በአማራ ለ125 ሺህ፣ በኦሮሚያ ለ152 ሺህ፣ በሶማሌ ለ193 ሺህ ሰው ይደርሳል። የደቡብ ወሎ ዞን ሕዝብ በዚያ ቆጠራ ወደ 2.5 ሚሊዮን ነበር። ይህ ሕዝብ በአማራ ክልል አማካይ ቢሰላ 20 መቀመጫ ያህል ይደርሰዋል። በትግራዩ አማካይ 22፣ በኦሮሚያው 17፣ በሶማሌው 13 ይሆን ነበር። ሕዝቡ ያው፣ ደጋውም ያው ነው፤ የሚለየው ድንበሩ የት እንደተሰመረ ብቻ ነው። የምዕራብ ደቡብ ወሎ መራጭ በዚህ ድልድል ከትግራዩ ጥቂት ያነሰ፣ ከኦሮሚያውና ከሶማሌው የበለጠ ክብደት እንዳለው መታወቅ አለበት፤ የእኩልነት ክርክር የራስን ትርፍ ካልቆጠረ ክርክር አይባልምና።

የአሜሪካ ግዛቶች ክብደት በየአሥር ዓመቱ በሚደረግ ቆጠራ ይታረማል፤ ካሊፎርኒያ ከ2020ው ቆጠራ በኋላ ከ55 ወደ 54 የወረደችው፣ ቴክሳስ ከ38 ወደ 40 የወጣችው በዚህ ነው። የሕንድ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ጉባኤ ደግሞ የክልል ምክር ቤት አባላትን ድምፅ የሚመዝነው አሁንም በ1971 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ነው፤ የወሊድ መጠናቸውን የቀነሱ ክልሎች ክብደት እንዳያጡ ሲባል ሆን ተብሎ የተወሰነ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎች ወሰን በውጤቱ ላይ እንዲመሠረት በአንቀጽ 103 አዝዟል። አራተኛው ቆጠራ በ2009 ዓ.ም. ሊካሄድ ይገባ ነበር፤ ተደጋግሞ ተራዝሟል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ከ18 ዓመት በላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ከሰጡት የቦረናና የወግዲ ወጣቶች ብዙዎቹ፣ የምርጫ ክልላቸው የተሰመረው እነርሱ ከመወለዳቸው በፊት በነበረ የሕዝብ ብዛት ነው።